«የውጭ ስፖርት» ሳይሆን የደጅ ስፖርት

በሲያትልና በፖርትላንድ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚዘጋጁ የጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ «የውጭ ስፖርትና የመጠጥ ቱሪዝም» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። የሚያስተዋውቀው ኦሪገንንና ዋሽንግተንን የሚያዋስነውን የኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ ነው። ቀኑን በወንዙና በተራራው ስፖርት ሲሠሩ ይዋላል፤ አመሻሹ ላይ እዚያው የተመረተ ወይን ጠጅና ቢራ ይቀመሳል። ሐሳቡ ደግ ነው። ስሙ ግን አራት ቃል ሆኖ ሁለት ስሕተት ተሸክሟል፤ ሥር ሳይሰድ ቢታረም ይሻላል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «የውጭ ስፖርት» ሲባል አማርኛ የሚሰማ ሰው ጆሮ የሚደርሰው የአውሮፓ እግር ኳስ ወሬ ነው። ሬዲዮውም ጋዜጣውም የስፖርት ዜናውን «የአገር ውስጥ» እና «የውጭ» እያለ ከፍሎ አስለምዶናል። የውጭ ጉዳይ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የውጭ ዜጋ እንላለን፤ «የውጭ» እንዲህ ከስም ፊት ሲቆም ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ ከድንበር ማዶ ነው። «ቅዳሜ በውጭ ስፖርት እንገናኝ» የሚል ጥሪ የደረሰው ሰው ጫማውንና ባርኔጣውን አያዘጋጅም፤ ጨዋታው በየትኛው ቴሌቪዥን እንደሚተላለፍ ይጠይቃል።

ታዲያ ምን እንበለው? «ከቤት ውጪ የሚደረግ ስፖርት» የሚሉ አሉ። ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማብራሪያ እንጂ ስም አይደለም። አትሌቲክሱ «የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና» የሚል ስያሜ ስላለው ተቃራኒውን መውሰድ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ስታዲየም ውስጥ የሚሮጠውም ከቤት ውጪ ነው። «የመስክ ስፖርት» ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን መሥሪያ ቤቶች «የመስክ ሥራ»፣ «የመስክ ጉብኝት» እያሉ ቃሉን ወስደውታል፤ ደግሞስ በወንዝ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ምን መስክ አለው? «የሜዳ ስፖርት» እንዳንል ዝላይና ውርወራ «የሜዳ ተግባራት» ተብለው ቦታውን ይዘዋል። «የተፈጥሮ ስፖርት» ደግሞ ሰው ሠራሽ ስፖርት ያለ ያስመስላል።

እኔ የምሟገተው ለ«ደጅ» ነው። ደጅ መጀመሪያ በር፣ መግቢያ ነው፤ ደጀ ሰላም፣ ደጅ ጥናት፣ ደጃዝማች ሁሉም ከዚያ ወጥተዋል። ከበሩ ተነሥቶ ግን ከጣሪያና ከግድግዳ ውጪ ያለውን ሁሉ ለማለት በቅቷል። ልጆች ደጅ ይጫወታሉ፤ ከብት ደጅ ያድራል፤ ለታማሚ «ደጅ ወጥተህ አየር ውሰድ» ይባላል። ቃሉ ከድንበር ማዶ የሚል ትርጉም ፈጽሞ የለውም፤ የሚናገረው ስለ ሰማዩ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ፀሐዩ ነው። «የደጅ ስፖርት» ያልነው ሰው ሳናብራራለት ይገባዋል።

ሁለት ተቃውሞ አውቃለሁ። አንደኛው ደጅ ቅርብ ነው፣ ከቤቱ ፊት አያልፍም የሚል ነው። «ከብቱ ደጅ አደረ» ስንል ግን ርቀቱን አንለካም፤ ጣሪያ አጣ ማለታችን ነው። ሁለተኛው «ደጅ መውጣት» ለመጸዳዳት የሚነገር የጨዋ አነጋገር ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ «ሜዳ መውጣት»ም «ውጪ መውጣት»ም እንደዚያው ይነገራሉ። በዚህ ምክንያት ቃል እንጣል ካልን ሦስቱንም መጣል ሊኖርብን ነው። ከስፖርት ጋር የቆመ ደጅ ደግሞ ማንንም አያሳስትም።

ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንለፍ። «መጠጥ» በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ምግብና መጠጥ ስንል ንጹሕ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ሐሜት ይሸታል። «መጠጥ ይወዳል»፣ «በመጠጥ ተጎዳ» እንላለን። «የመጠጥ ቱሪዝም» ብሎ መጥራት ሰውን ለስካር መጋበዝ ነው። «ማጣጣም» መልካም ምትክ ነበር፤ ነገር ግን የምግብ ቤቶች ዝርዝር «ማጣጣሚያ»ን ከምግብ በኋላ ለሚቀርብ ጣፋጭ ሰጥቶታል። «ፉት ማለት» ለወዳጅ ጨዋታ እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም።

ትክክለኛው ቃል በእጃችን ነው፤ ቅምሻ። የቡና ሰዎች ከእኛ ቀድመው አሳምረው ይዘውታል፤ ቡና ቀማሽ በማንኪያ ስቦ፣ በአፉ አዙሮ፣ ጣዕሙን መዝኖ ይተፋል፤ ሥራውም «የቡና ቅምሻ» ይባላል። ከቡናው በፊትም ቃሉ በቤታችን ነበረ። ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀምሳ ነው ለእንግዳ የምትሰጠው፤ ባለቤቱም «እስቲ ቅመሱልን» ይላል። መቅመስ በልክ መሆንን፣ ማስተዋልንና እንግድነትን አንድ ላይ ይዟል። የወይን ቦታ የሚጎበኝ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ለኮሎምቢያ ሸለቆ ደግሞ ሁለቱ ቃላት በልኩ የተሰፉ ናቸው። (ሸለቆ እንጂ ገደል አይባል፤ ገደል አንዱ አፋፍ ነው፤ ወንዝ የሰነጠቀው ምድር በሙሉ ግን፣ የዓባይም ቢሆን፣ ሸለቆ ነው።) ወንዙ የካስኬድ ተራሮችን ሰንጥቆ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይፈስሳል። በበጋ የምሥራቁ ደረቅ ምድር ሲግል የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር በዚያ ክፍተት ተጠቅጥቆ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ነፋሱና ውሃው ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ በሰሌዳ ላይ ሸራ የሰቀለ ሰው ነፋሱ ሽቅብ ቢገፋው ውሃው ቁልቁል ይመልሰዋል። በኦሪገን በኩል ያለችው ሁድ ሪቨር ከተማ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ ስፖርት ስሟ የተጠራው ስለዚህ ነው። ይህን ነፋስ በአዳራሽ ውስጥ ማንም አይሠራውም፤ ስፖርቱ የሚኖረው በደጅ ብቻ ነው።

ቅምሻውም እንዲሁ የቦታው ነው። ሁድ ሪቨር በዓመት 760 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ዘ ዳልስ የምታገኘው ግን ግማሹን ብቻ ነው። በብስክሌት ከሁድ ሪቨር ወደ ሞዝየር በአሮጌው መንገድና በመንትዮቹ ዋሻዎች የሚያልፍ ሰው እርጥቡ ደን ወደ ደረቅ ዛፍና ሣር ሲለወጥ በዓይኑ ያያል። ከወይን ዝርያዎች ምዕራቡ ቀዝቃዛ አየር ለሚወደው ለፒኖ ኗር፣ ምሥራቁ ሙቀት ለሚሹት ለሲራና ለዚንፋንደል ይመቻል። አካባቢው በ2004 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ የወይን ምድር ሆኖ በፌዴራሉ መንግሥት ታውቋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ከየቦታው ጥቂት ጥቂት የቀመሰ እንጂ ካንዱ ብዙ የጠጣ አይደለም።

ቢራውም ከስፖርቱ አልራቀም። ፉል ሴይል የተባለው ጠማቂ በ1987 እ.ኤ.አ. በሁድ ሪቨር ከተማ በአሮጌ የፍራፍሬ ማሸጊያ ሕንፃ ሥራ ሲጀምር የወሰደው ስም «ሙሉ ሸራ» እንደ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዲህ ያለውን ቤት ሁሉ «ቢራ ፋብሪካ» አንበለው። አማርኛ በዚህ ሙያ ድኻ አይደለም፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ለየመጠጡ የየራሱን ግስ የሰጠ ቋንቋ ለትንሽ ቢራ ቤት «ጠማቂ ቤት» የሚል ስም አያጣም። «ወይን» ብቻ ብለን ደግሞ ፍሬውንና መጠጡን አናቀላቅል፤ ፍሬው ወይን፣ መጠጡ ወይን ጠጅ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።

የቀረው «ቱሪዝም» ነው። ቱሪዝም የዘርፉ ስም ነው፤ ሚኒስቴርና በጀት ያለው ነገር ነው። ተጓዡ የሚያደርገው ግን ጉዞ ነው። «ሽርሽር» ቀረብ ይላል፤ ዳሩ ግን በነፋስ ፊት ሸራ ይዞ ለሚታገል ሰው ይቀልበታል። ስለዚህ ሙሉ ስሙ «የደጅ ስፖርትና ቅምሻ ጉዞ» ይሁን። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። ስፖርቱ ይቀድማል፣ ቅምሻው ይከተላል፤ ቀምሶ ወንዝ መግባት ነፍስን ያስከፍላል፣ ጠጥቶ ጀልባ መንዳትም በሕግ ያስጠይቃል። ስሙ ራሱ ደንቡን ቢያስተምር ምን ክፋት አለው?

ሁሉን እንተርጉም አልልም። «ስፖርት» እና «ቢራ» ከባዕድ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል፤ ማንም አያስወጣቸውም። በሰሌዳ ላይ ሸራ የሚሰቀልበትን ስፖርትም የተሻለ ስም እስክናገኝ «ዊንድሰርፊንግ» ማለት ነውር የለውም፤ የሌለንን መዋስ ወግ ነው። ያለንን ጥሎ የሌላውን ሐረግ ቃል በቃል መገልበጥ ግን አንባቢን ያደናግራል፣ ቋንቋውንም ያለ ጥፋቱ ድኻ ያስመስላል። የጉዞ አዘጋጆች፣ ተርጓሚዎችና የሬዲዮ ሰዎች በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ «የደጅ ስፖርት» እና «ቅምሻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ማብራሪያ እንደማትጠየቁ አረጋግጥላችኋለሁ።