ቀኑ ከየት ይቆጠራል? የትዳር ቪዛና የጋብቻ ቀን ከቦሌ አራብሳ ሲታዩ

በቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ዘንድ «ዕጣ» እና «ተራ» የሚባሉት ቃላት ሁለት ኑሮ አላቸው። አንደኛው የቤት ነው፤ ነዋሪው «የ97 ተመዝጋቢ ነኝ»፣ «የ2005 ተመዝጋቢ ነኝ» እያለ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እየቆጠበ የጠበቀውን ዘመን ያስታውሳል። ሁለተኛው የውጭ ጉዞ ነው፤ የአሜሪካው ዲቪም ዕጣ ነው፣ ባል ለሚስቱ ወይም ሚስት ለባሏ የጀመሩት «ፕሮሰስ»ም ተራ አለው። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያቀርበው ጥያቄ በሁለቱም አንድ ነው፤ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ይህ መጣጥፍ ጥያቄው ከመነሻው መስተካከል አለበት ብሎ ይከራከራል። ባልና ሚስትን ለዓመታት የሚያለያየው የፋይሉ መዘግየት ብቻ አይደለም። ጋብቻው የተፈጸመበት፣ የተመዘገበበት፣ ማመልከቻው የገባበት፣ አመልካቹ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ያገኘበት ቀን አለ፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ ማወቅ ከወራቱ ብዛት ይበልጣል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ?» ከማለት በፊት «ከየትኛው ቀን ጀምሮ?» ማለት ይገባል።

ስለ መጠበቅ የጻፉ ምሁራን አሉ። ዳንኤል ሜንስ በጅማ ወጣቶች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው አነጋገራችን ነው፤ ሥራ ያጣ ወጣት ጊዜ ሲበዛበት እንዴት እንደሚከብደው ያሳያል። ቻርልስ ፒዮት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሥራ ቶጎአውያን የዲቪ ዕድለኞች ከዕጣው በኋላ ጋብቻን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ተርኳል። እኔን የሚያሳስቡኝ በሁለቱ ውስጥ ያልተካተቱት ናቸው፤ ሥራም ትዳርም ያላቸው፣ የሚደብቁት ነገር የሌላቸው፣ ነገር ግን ቀናቸው ሳያውቁት የተዛነፈባቸው ባልና ሚስቶች።

የአንድ ጋብቻ ብዙ ቀኖች

በአገራችን ትዳር በአንድ ጀምበር አይቆምም። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀለበት ይደረጋል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ መልስና ቅልቅል ይከተላል። ኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ከጥምቀት በኋላ ያለውን የጥር ወቅት ይመርጣሉ፤ ዐቢይ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ሙስሊሙ ኒካሁን አስሮ ድግሱን ለሌላ ጊዜ ሊያቆይ ይችላል። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ከውጭ የመጣ ሙሽራ ይህን ሁሉ በአንድ ጥር ውስጥ ለማስገባት ይሯሯጣል፤ እናት ድግሱን፣ ሚዜ መኪናውን ሲያዩ የወረዳው ቢሮ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻዋ ሳምንት ይቀራል።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ያውቃል። በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም መመዝገብ እንዳለበትም ይደነግጋል። ወጥ የሆነው አገር አቀፍ ምዝገባ ግን የወሳኝ ኩነቶች አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶም ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በተክሊል ወይም በሽማግሌ ተጋብተው፣ ልጆች ወልደው፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሳያወጡ የኖሩ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። ወረቀቱን የሚያወጡት ቪዛ ሲጠይቅ ነው። ያን ጊዜ የጋብቻው ቀንና የምዝገባው ቀን በዓመታት ይራራቃሉ፤ የቆንስላ መኮንን ምክንያቱን ቢጠይቅ ሊያስደንቅ አይገባም። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት፣ የሠርጉ ፎቶና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ዋጋ የሚያገኙት በዚህ ጊዜ ነው።

ርቀትን ለማሳጠር «በውክልና እንጋባ» የሚሉም አሉ። የቤተሰብ ሕጋችን አንቀጽ 12 ተጋቢዎች ራሳቸው ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዛል፤ ከባድ ምክንያት መኖሩን ፍትሕ ሚኒስቴር ሲያረጋግጥ ብቻ በውክልና መጋባትን ይፈቅዳል። አገር ውስጥ የጸና ይህ ጋብቻ ውጭ አገር ላይጸና ይችላል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንዱ ወገን በሌለበት የተፈጸመን ጋብቻ፣ ጥንዶቹ ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት እስካልተገናኙ ድረስ አይቆጥረውም። ካናዳ ከጁን 2015 ጀምሮ በውክልና፣ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻን ለስፖንሰርነት መቀበል አቁማለች። የአውሮፕላን ቲኬት ለመቆጠብ የተደረገው ነገር ጥንዶቹን እንደገና ከመነሻው ያስጀምራቸዋል።

የዘመን አቆጣጠራችን ልዩነትም የራሱ ጣጣ አለው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን ቀን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 7 ዓመት ይጨመራል፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን 8 ነው። የኅዳርን ሠርግ በ8 ያሰላ ተርጓሚ ጋብቻውን አንድ ዓመት ወደፊት ይገፋዋል፤ ጋብቻው ከማመልከቻው በኋላ የተፈጸመ ይመስላል። ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» ይላል። አንዱ ወረቀት ላይ አያት ገብቶ ሌላው ላይ ሲቀር፣ ወይም ፓስፖርቱና የጋብቻ ወረቀቱ ስሙን በተለያየ የላቲን ፊደል ሲጽፉት፣ ማስተካከያው ራሱን የቻለ የወራት ጉዳይ ይሆናል።

ስፖንሰሩ በየትኛው ቀን ምን ነበር?

ብዙዎቹ የአራብሳ ቤተሰቦች የሚያውቁት የአሜሪካው መንገድ ስለሆነ በእርሱ ላይ እቆያለሁ። አመልካቹ ዜጋ («ሲትዝን») ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ የቁጥር ገደብ በሌለበት ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚጠበቀው የማመልከቻው ምርመራ፣ የብሔራዊ ቪዛ ማእከሉ የወረቀት ማጣራትና የአዲስ አበባው ኢንተርቪው ነው። አመልካቹ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን ለባለቤቶችና ለትናንሽ ልጆች በዓመት ወደ 88,000 ገደማ ቪዛ የተመደበለት ምድብ ውስጥ ተሰልፎ፣ ማመልከቻው የገባበት ቀን በወርኃዊው የቪዛ ማስታወቂያ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ይህ ሰልፍ ወደ ኋላም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2019 እስከ ማርች 2023 ምድቡ ተራ አልነበረውም፤ ወረቀቱን ያሟላን ሰው የማመልከቻው ቀን አያስቆመውም ነበር። በኤፕሪል 2023 ማስታወቂያው በድንገት ወደ ሴፕቴምበር 2020 ተመለሰ። አንዷ በማርች ኢንተርቪው የደረሳት፣ ሌላዋ በኤፕሪል ሊደርሳት የነበረ ሁለት ሚስቶች በአንድ ሳምንት አመልክተው ቢሆን እንኳ ዕጣቸው ተለያየ። በኮቪድ ጊዜም ልዩነቱ ጎልቶ ታይቷል። በኤፕሪል 2020 የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ የስደተኛ ቪዛን ሲያግድ የዜጎችን ባለቤቶች ነፃ አደረገ፤ የግሪን ካርድ ያዢዎች ባለቤቶች ግን አዋጁ በፌብሩዋሪ 2021 እስኪሻር ታገዱ። ያ ሁሉ ወር ባሉ ዜግነት ያገኘበትን ቀን ብቻ ተከትሎ ተወሰነ።

«ታዲያ ሲትዝን ልሁን፣ ያፋጥነዋል» ማለት ተገቢ ነው፤ አመልካቹ ሲምል የሚስቱ ጉዳይ ወዲያው ወደ ገደብ የለሹ ምድብ ይዛወራል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቀድሞው ምድብ ልጅ በእናቱ ፋይል ተጠግቶ ይሄድ ነበር፤ በዜጋ ምድብ ጥገኛ የሚባል ነገር የለም፤ ለልጁ ራሱን የቻለ ማመልከቻ መግባት አለበት። ያንን ያላሰበ ቤተሰብ እናት ኢንተርቪው አልፋ ልጅ አያት ዘንድ የሚቀርበትን ሁኔታ ይጋፈጣል።

«ያላገባ» ወረቀትና መስከረም 20

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በ«ያላገባ» ምስክር ወረቀት ዙሪያ የሚሆነው ነው። ግሪን ካርድ ያላት እናት ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ያላገባ ልጇ ማመልከት ትችላለች፤ ለግሪን ካርድ ያዢ ያገባ ልጅ ግን ምድብ የለም። ልጁ እናቱ ዜጋ ሳትሆን ካገባ ማመልከቻው በራሱ ይሻራል፤ በኋላ እናት ዜጋ ብትሆንም አይነሣም። ከማለችበት ቀን በኋላ ካገባ ግን ጉዳዩ ረጅም ጊዜ በሚወስድ ሌላ ምድብ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቀጥላል። በአንድ ሳምንት ልዩነት ዓመታት የተጠበቀ ፋይል ይተርፋል ወይም ይሞታል።

ስለዚህ በከተማችን ቀለበት አስረው፣ ቤት ተከራይተው፣ አንዳንዴም ወልደው «እስኪያልቅ» የሚጠብቁ ጥንዶች አሉ። ከእነርሱ መካከል «የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ያደረግነው፣ ወረዳ አልሄድንም፣ ስለዚህ በሕግ አላገባንም» ለሚሉት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ አግብተዋል። ሕጋችን የሃይማኖት ጋብቻን የሚያውቀው በሥርዓቱ በመፈጸሙ ነው፤ ምዝገባው ማስረጃ ነው። በዚያ ላይ የወጣ «ያላገባ» ወረቀት ሐሰተኛ መግለጫ ይሆናል፤ በአሜሪካ ሕግም ሰውን ለዘለቄታው ከቪዛ ሊያግድ ይችላል። የካናዳ ሕግም በተመሳሳይ መንፈስ፣ ስፖንሰሩ ወደ አገሪቱ ሲገባ ያላስመዘገባትን ሚስት ኋላ በቤተሰብ ምድብ እንዳይጠራት ይከለክላል።

ዲቪ ላይ ደግሞ የቀን ሕጉ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ዕጣውን ሲሞላ ያገባ ሰው ሚስቱን ካልጻፈ ዕድሉን ያጣል። ከሞላ በኋላ ያገባ ሰው ሊጨምራት ይችላል፤ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ግን የማስረዳት ሸክም አለበት። ሁሉም በሴፕቴምበር 30 ይዘጋል፤ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 20፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን። «እኔ ልቅደም፣ እሷ ትከተላለች» ብሎ የሚሄድ ባል ያን ቀን ልብ ሊለው ይገባል፤ ሚስቱ እስከዚያ ቪዛ ካልተመታላት የዲቪው በር ተዘግቶ ወደ ግሪን ካርድ ያዢ ሚስት ሰልፍ ትዛወራለች።

ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሰዓቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከኢንተርቪው በፊት የሚታዘዘው ሜዲካል ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ብቻ ያገለግላል፤ በደረት ራጅ ላይ ጥርጣሬ ካለ የአክታ ካልቸር ውጤት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አሻራ ይጠይቃል፣ እርሱም ጊዜው ያልፋል። ሁሉን ቀድሞ ያወጣ ሰው አንዱ ሲደርስ ሌላው ይቃጠልበታል። ከአራብሳ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም በእንጦጦ መንገድ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ የሚደረገው የማለዳ ጉዞ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ እንግሊዝ የሚሄዱት ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች የስፖንሰሩ የዓመት ገቢ ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ ብሏል። በኤፕሪል 10 ያመለከተችውና በ11 ያመለከተችው የተለያየ ሕግ ገጥሟቸዋል።

ቤቱስ?

ያ አንድ የጋብቻ ቀን አራብሳ ያለውን ቤትም ይነካል። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 57 መሠረት በጋብቻው ቀን የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ሚስት የቤቱን ውል የፈረመችበት ቀን ከጋብቻው ቀን ቀድሟል ወይስ ተከትሏል የሚለው ለቪዛ ከሚቀርበው ወረቀት ላይ ይነበባል። «ለቪዛው ቀኑን ትንሽ ወደ ኋላ እናድርገው» የሚል ምክር የሰማች ሴት ቤቷን ከግል ወደ ጋራ እያዛወረች እንደሆነ የሚነግራት የለም። ቤቱ የጋራ ከሆነ ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ባል ውጭ ከሆነ ውክልናው እዚያ ባለ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ይመጣል። የ20/80 ቤት እስከ አምስት ዓመት እንዳይሸጥ የተጣለው ገደብም ይታከልበታል።

ብዙው ነገር ወረዳው መስኮት ላይ ሊስተካከል ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ምስክር ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ጥንዶቹ ስማቸውን ከፓስፖርታቸው ጋር ፊደል በፊደል እንዲያመሳክሩ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲያነቡ ቢደረግ ወጪው የአምስት ደቂቃ ነው። የንስሐ አባትም ሆነ ኒካሁን የሚያስሩት ሸይኽ፣ ሙሽሮቹ በወላጅ ፋይል ውስጥ «ያላገባ» ተብለው እንዳሉ አስቀድመው ቢጠይቋቸው ብዙ እንባ ይቀራል።

ቀኑ የሚቆጠረው ግን ቪዛው ከተመታ በኋላም ነው። በአሜሪካው መንገድ ጋብቻዋ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሚስት ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ግሪን ካርድ ይሰጣታል፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ በአንድነት ማመልከት አለባቸው። የሚቆጠረው ደግሞ አሜሪካ የገባችበት ቀን ነው። በጥር 20 የተጋባች ሴት ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ከቦሌ ተነሥታ ዋሽንግተን ዳለስ ብታርፍ ካርዷ የሁለት ዓመት ነው። ጓዟን ይዛ አራብሳ አንድ ሳምንት ብትቆይ፣ ቪዛዋ ላይ የታተመው ኮድ ያው ቢሆንም፣ የጋብቻ ወረቀቷን ለድንበር መኮንኑ አሳይታ የአሥር ዓመቱን ልትጠይቅ ትችላለች።