የአጽም ማኅደር፦ ስለ ቅሪተ አካላት ማስቀመጫ ሣጥን ታሪክ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ሣጥን ነው። የቅሪተ አካል ጥናት ታሪክ ሲነገር አጥኚው ይወሳል፣ አጥንቱም ይወሳል፤ አጥንቱ ከመሬት ከወጣ በኋላ ያደረበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። አባቶቻችን የብራና መጽሐፍ የሚያኖሩበትን የቆዳ ከረጢት ማኅደር ብለውታል። ቃሉ ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለሆነ ትርጉሙ ማደሪያ ነው። ለአጽምም ከዚህ የተሻለ ቃል ስላላገኘሁ በርእሴ ላይ ተውሼዋለሁ። ዘመናቱን፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከቤጂንግ ልጀምር። ከከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በዡኩዲያን ቻይናዊው ፔይ ዌንዦንግ ዲሴምበር 2 ቀን 1929 የጥንት ሰው የራስ ቅል አገኘ። በተከታዮቹ ዓመታት በዚያው ስፍራ ከ40 በላይ የሚሆኑ ግለሰቦች ቅሪት ወጣ። ዓለም «የፔኪንግ ሰው» ብሎ ያወቀው ይህ ስብስብ በአሜሪካ ገንዘብ ይተዳደር በነበረው የፔኪንግ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ይጠበቅ ነበር። ጥናቱን ይመራ የነበረው ጀርመናዊው የአናቶሚ ሊቅ ፍራንዝ ቫይደንራይኽ የእያንዳንዱን አጥንት ቅጂ በጄሶ አስወጣ፣ አስነሣ፣ አሣለ፣ ለካ። እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድም ቅጂዎቹንና ሥዕሎቹን ይዞ ሄደ። አጥንቶቹ ግን በቤጂንግ ቀሩ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ በአሜሪካና በጃፓን መካከል ጦርነት የማይቀር መምሰል ሲጀምር፣ አጥንቶቹን ወደ አሜሪካ ለመላክ ተወሰነ። የማሸጉ ሥራ ለሁ ቼንግዢና ለባልደረባው ተሰጠ። ሁ በኋለኛው ዘመኑ ሥራውን እንዴት እንደ ሠሩት ተናግሯል። እያንዳንዱ አጥንት መጀመሪያ በስስ ነጭ ወረቀት ተጠቀለለ፤ በላዩ ጥጥና ፋሻ ተደረገበት፤ እንደ ገና በነጭ ወረቀት ተሸፈነ። ከዚያ በሁሉም ጎኑ ካርቶን በተደራረበባት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገባ። ትንንሾቹ ሣጥኖች በሁለት ትልልቅ፣ ቀለም ባልተቀቡ የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ተደረደሩ፤ አንደኛው የቢሮ ጠረጴዛ ያህል ነበር፣ ሁለተኛው ትንሽ አነስ ይላል። በዘመኑ መለኪያ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ሊታሰብ አይችልም። ሣጥኖቹ ለኮሌጁ ባለሥልጣናት ተሰጡ። ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ወታደሮች ጓዝ ጋር ሆነው በቺንኋንግዳው ወደብ «ፕሬዚዳንት ሃሪሰን» በተባለው መርከብ እንዲጫኑም ታቀደ። በዲሴምበር 8 ቀን የፐርል ሃርበር ጥቃት ወሬ ተሰማ፤ ወታደሮቹ ተማረኩ፤ መርከቡም ወደቡ ሳይደርስ ቀረ። ሣጥኖቹ ከዚያ ወዲህ ታይተው አያውቁም።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር አንድ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ፦ የሁ ቼንግዢ ሣጥን ጥሩ ሣጥን ነበር ወይ? ብዙዎቹ ጠፍቷልና ጥሩ አልነበረም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሣጥኑ የተሠራለትን ሥራ፣ ማለትም አጥንትን ከንቅናቄና ከግጭት መጠበቅን፣ የሚችል ነበር። ያልቻለው ጦርነትን ነው። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በዚያው በዡኩዲያን ሁለት የራስ ቅል ስባሪዎች ተገኙ። ስባሪዎቹ በ1930ዎቹ ከተገኘው፣ ከጠፋውም የራስ ቅል ቅጂ ጋር ሲገጣጠሙ አንድ ሆኑ። እውነተኛው አጥንት ከጄሶ ቅጂው ጋር ተጋጠመ ማለት ነው። የቫይደንራይኽ ቅጂ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ስባሪዎች የማን እንደ ሆኑ የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ስለዚህ የማስቀመጫ ታሪክ ሲጻፍ ቅጂው፣ ሥዕሉና የመለኪያው መዝገብ ከሣጥኑ ጋር አብረው መቆጠር አለባቸው።

የሙኒኩ ጉዳይ በአጭሩ ያው ነው። ኤርንስት ሽትሮመር ከግብፅ ባሕሪያ ያመጣው የስፓይኖሶረስ አጽም በሙዚየሙ ተቀምጦ ነበር። ሽትሮመር ስብስቡ ከከተማ እንዲወጣ ቢለምንም አልተፈቀደለትም፤ በ1944 በኤፕሪል ወር መጨረሻ በደረሰው የአየር ድብደባ ሁሉም ነደደ። ለቀጣዩ ትውልድ የደረሰው እርሱ በ1915 ያሳተመው መግለጫና ሥዕል ነው።

ጦርነትና እሳት ግን ታሪክ ጸሐፊን የሚስቡ አደጋዎች ናቸው። አብዛኛው አጥንት የሚጠፋው በዝግታ፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ባይን የተባለ እንግሊዛዊ በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጡ የባሕር ዛጎሎች ነጭ ዱቄት እየለበሱ እንደሚበሉ ጻፈ። መንሥኤውን ግን አልደረሰበትም። በኋላ ኬሚስቶች እንዳሳዩት ጥፋተኛው ዛጎሉ ያደረበት ቁም ሣጥን ራሱ ነበር። ኦክን የመሰለ ጠንካራ እንጨት አሲድ ያዘለ ተን ይተፋል፤ ተኑም በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ተጠራቅሞ ከኖራ የተሠራውን ዛጎል ይበላዋል። ሙዚየሞች ለክብር ሲሉ ያሠሩት ውድ እንጨት ስብስቡን ሲፈጅ ኖረ። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ውሁድ የሰረጸበት ቅሪተ አካልም ሌላ ጠባይ አለው። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ፓይራይቱ ይበላሻል፤ ከዚያም የድኝ አሲድ ይወጣዋል፣ አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ አሲዱ ከሥር ያለውን ካርቶንና የመለያ ወረቀቱን ሳይቀር ያቃጥላል። መለያ ወረቀቱን ያጣ አጥንት ከየት፣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ወጣ የማይታወቅ ድንጋይ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ስብስብ ውስጥ ጥጥ በተነጠፈበት የብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ መንጋጋ አይቻለሁ። የጥጡ ክር በጥርሶቹ መካከል ተጠላልፎ ነበር፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ወረቀትም በሥሩ ተኝቷል። መንጋጋው ደኅና ነበር፤ ቁጥሩን ለማንበብ ግን አልቻልንም።

ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ሣጥን ከእነዚህ ስሕተቶች የተማረ ነው። አሲድ የሌለበት ካርቶን ወይም የማይተን ፕላስቲክ ይመረጣል። በውስጡ የፖሊኢትሊን ፎም ይነጠፋል፤ ይህ ፎም ከተራው የፍራሽ ስፖንጅ የተለየ ነው፣ ምክንያቱም የፍራሹ ስፖንጅ በጥቂት ዓመታት ይፈራርሳል፣ ይጣበቃልም። ፎሙ በአጥንቱ ቅርጽ ልክ ይቦረቦራል፤ ጉድጓዱ ክር በማያወጣ ለስላሳ ጨርቅ መሰል ወረቀት ይለበሳል። ክብደቱ የሚያርፈው በአጥንቱ ጠንካራ ክፍል ላይ እንጂ በስሱ ጠርዝ ላይ እንዳይሆን ይደረጋል። በሁለቱ ጎኖች ለጣት መግቢያ ይተዋል፤ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ አጥንት አድኗል፣ ምክንያቱም ጣት መግቢያ ያጣ ሰው አጥንቱን በጫፉ ይዞ ይስበዋል። ለትልልቅና ለከባድ አጥንቶች ደግሞ በጄሶና በመስታወት ክር የሚሠራ፣ ሕፃን እንደሚተኛበት አንቀልባ ያለ መደገፊያ አለ። መለያ ቁጥሩ በአጥንቱ፣ በሣጥኑና በመዝገቡ፣ በሦስቱም ላይ ይጻፋል።

ጄሶ ለዚህ ሥራ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ምዕራብ ነው። በ1876 በሞንታና የኤድዋርድ ኮፕ ቡድን አጥንት ሲሰባበርበት የተቀቀለ ሩዝ አላቁጦ፣ ጆንያ ነክሮበት አጥንቱን አለበሰው። ብዙም ሳይቆይ ሩዙ በጄሶ ተተካ። በአፋር የሚሠሩ አጥኚዎች ዛሬም የሚጠቀሙበት ዘዴ የዚያ ሩዝ ልጅ ነው።

ወደ አገራችን ከመጣን ዘንድ ስለ «አርዲ» ልናገር። በ1994 ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በአራሚስ የእጅ አጥንት ስባሪ አገኘ፤ ፍለጋው ሲቀጥል የአንዲት አርዲፒቴከስ አጽም ወጣ። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። አጥንቱ ከመላላቱ የተነሣ ሲነኩት ይፈርስ ነበር። በመስክ ላይ ሊለቀም ስላልቻለ ከነአፈሩ በጄሶ ተሸፍኖ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በብሔራዊ ሙዚየም ቤተ ሙከራም በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌና በብሩሽ፣ ጠብታ በጠብታ ማጠንከሪያ እየተቀባ ከአፈሩ ተለየ። ውጤቱ ለኅትመት የበቃው በ2009 ነው። በእነዚያ 15 ዓመታት ውስጥ ዓለም ስለ መዘግየቱ አብዝቶ አማረረ፤ ስለ ጄሶው ቅርፊት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ከመዘግየቱ ብዙው ክፍል የሣጥኑ ሥራ ነበር።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ተገኘች፤ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግሥት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በዚያ ሳምንት ስለ አጥንት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ስባሪዎች ተለቅሞ ተገጣጠመ። ለጎብኚው የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ እውነተኛው አጽም በተቆለፈ ክፍል ይጠበቃል።

በ2007 አጽሟ ወደ አሜሪካ እንዲሄድ መንግሥት ሲወስን የተነሣው ክርክር ይታወሳችኋል። ከዚያ ቀደም በ1998 የዘርፉ ምሁራን አሳማኝ ሳይንሳዊ ምክንያት ከሌለ በቀር እውነተኛ የጥንት ሰው አጽም ከአገሩ እንዳይወጣ የሚል አቋም ይዘው ነበር። የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ኤግዚቢሽኑን አላስተናግድም አለ፤ የሂውስተኑ የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ተቀበለ። ድንቅነሽ ዞራ በ2013 ተመለሰች፤ በ2025 ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ሄደች። ደጋፊዎች ስለ አገር ገጽታና ስለ ገቢ፣ ተቃዋሚዎች ስለ ክብርና ስለ ስጋት ተናገሩ። እኔ በወቅቱ የጎደለ ሆኖ ያገኘሁት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሣጥኑ ስንት ጊዜ ይከፈታል? የሚከፍተው ማን ነው? ከመከፈቱ በፊትና በኋላ የእያንዳንዱ ስባሪ ጠርዝ በምን ተመዘገበ? ደኅና መመለሷ ጉዞው አደጋ አልነበረውም ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ በመንገድ ላይ የሚደርስ ጥቃቅን ስንጥቅ በዓይን አይታይምና።

ይሁን እንጂ ከዚያ ጉዞ አንድ ፍሬ ተገኝቷል። በ2008 በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አጽሟ ለ10 ቀናት በሲቲ ስካን ተነሣ፤ ከ35,000 በላይ የምስል ንጣፎች ተገኙ። በ2016 ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ በዚሁ መዝገብ ተመሥርተው ከዛፍ ወድቃ ሞታለች የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ብዙዎች ዛሬም አይቀበሉትም። በክርክሩ ማንም ወገን ቢረታ፣ ለመመርመር የሚሻ ተማሪ ሣጥኗን ሳያስከፍት መከራከር ይችላል። የትከሻዋና የጉልበቷ ቅርጽ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ተለቆ ማንም በፕሪንተር እንዲያወጣው ሆኗል። የቫይደንራይኽ ጄሶ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ይህ መዝገብ ይሠራዋል።

ከእነዚህ ቅርጾች የታተሙ ሁለቱን ከፊት ለፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ከጥያቄው በፊት መጥታችሁ ልታነሡአቸው ትችላላችሁ፤ ቢወድቁም ግድ የለም።