ዜና ቃላት ዘመርካቶ

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪውም በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አስነሥቶ አገሬውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው፤ ስፍራውንም ‹መርካቶ ኢንዲጄኖ›፣ የአገሬው ተወላጅ ገበያ፣ ብሎ ጠራው። በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ደግሞ ኢጣሊያዊ ከአገሬው ጋራ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው ተመለሱ፤ የጠላትም ግዛት አለፈ፤ መርካቶ የሚለው ስም ግን ቀረ። ከዚህ ተነሥቶ ባዕድ ቃል በጉልበት ይገባል የሚል ሰው አለ። እኔ ግን ቃል የሚገባው በሥራና በጉርብትና ነው እላለሁ፤ ጥልቀቱም በአብሮ መኖር ይለካል። ስሙ ራሱ ምስክሬ ነው፤ ነጋዴው ለሥራው የሚበጀውን ‹መርካቶ› ወስዶ ሰውን ከሰው የሚለየውን ቅጥያ ጥሎታልና።

ገዢው ያመጣቸው የአስተዳደርና የማዕረግ ስሞች ከአማርኛ አፍ ጠፍተዋል። በሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጠውና የሚጠግነው ግን እስከ ዛሬ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ ይላል፤ ጎማ የሚለጥፈውም ጎሚስታ ነው። ከነጻነት በኋላ የቀሩ ኢጣሊያውያን መካኒኮች ከኢትዮጵያውያን ጋራ በአንድ ጋራዥ ሠርተዋል፤ ቃሉ በእጅ ሥራ አብሮ ተላለፈ። ሱቅና ደላላም ከዐረብኛ ሲመጡ ያመጣቸው ነጋዴ እንጂ ሠራዊት አልነበረም። ሁሉም ለአማርኛ ሰዋስው አድረዋል፤ ካንዴላውን፣ ካቻቪቴዬን፣ ፒንሳዎቹን እንላለን።

ባዕድ ቃል ቋንቋን ያፈርሳል ብሎ የሚሰጋ ቢኖር፣ ይህ የምንመካበት ሰዋስው ራሱ ከየት እንደመጣ ይመርምር። ግዕዝ አብዛኛውን ጊዜ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ሊቃውንት ይህን ከአገውና ከሌሎች ኩሻውያን ጋራ ተጋብቶ፣ ተዛምዶ ከመኖር የመጣ ነው ይላሉ። መለያየትን ሕግ ያደረገ የአምስት ዓመት ግዛት የዕቃ ስም ተወልን፤ የብዙ መቶ ዓመት ጋብቻ የዓረፍተ ነገራችንን አጥንት ሠራው።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ሆነ። በ793 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሰሜን በመርከብ የመጡ ወራሪዎች የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ። ወገኖቻቸው ኋላ በምሥራቁና በሰሜኑ ሰፍረው አርሰዋል፤ ከአገሬውም ተጋብተዋል። እንግሊዛዊ ዛሬ ‹እነርሱ› የሚልበት ተውላጠ ስም ከእነዚያ ሰፋሪዎች የተወረሰ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ዘርፎ የሚሄድ ሰው አይተክለውም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ መከራከሪያ የ1066 ድል ነው። ኖርማኖች እንግሊዝን በሰይፍ ያዙ፤ የመንግሥትና የፍርድ ቃላትም ከፈረንሳይኛ በብዛት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ዘመኑን ግን ልብ እንበል፤ ጎርፉ የበረታው ከድሉ ማግስት ሳይሆን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ የድል አድራጊዎቹ የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ቋንቋ እየተዉ እንግሊዝኛ ሲናገሩ የለመዱትን ቃል ይዘው ገቡ። በ1362 በንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ዘመን የችሎት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን ተብሎ ሲታወጅ፣ አዋጁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ ፈረንሳይኛ በአገሩ እምብዛም አይታወቅም አለ።