ጣና ላይ አልነሳ ያለው አውሮፕላን

ስሙኝማ! ዛሬ የምተርክላችሁ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ ጣና ላይ ስላረፈና ከዚያ ወዲያ አልነሳም ስላለ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ የኮምፒውተር ነው። ጭንቀቱ ግን የእውነት ነበር፤ መፍትሔውም የእውነተኛ አብራሪ መፍትሔ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ነው ልተርከው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ቦታውን ላስታውሳችሁ። ልደታ ሲባል ዛሬ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የባቡሩ ጣቢያና የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈቀቅ ያለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ "ኦልድ ኤርፖርት" እንደተባለ አለ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያ ከልደታ ሜዳ ነው። አውሮፕላኑ ከጦርነት የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ነበር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ ልደታ አልበቃቸውም፤ በረራው ወደ ቦሌ ዞረ። በከፍታ ላይ መነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋልና። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ በልደታ ኮንዶሚኒየም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ልጅ አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ አለው። አዲሶቹን ሲሙሌተሮች አይሸከምለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን የማይክሮሶፍቱን ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ግን ጥሩ አድርጎ ያስኬዳል። ልጁ አገሩን በዚያ ላይ ዞሮ ጨርሷል፦ ላሊበላ፣ ጎዴ፣ አሶሳ፣ ጅንካ። አንድ ነገር ግን ቀረው። ከላይ ሲያያቸው የሚያልፋቸው ሐይቆች! ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ፣ ከሁሉም በላይ ጣና። እነሱ ላይ ማረፍ ፈለገ፤ አርፎም በጎማው ባሕር ዳር አስፋልት ላይ መቆም። ለዚህ የሚሆነው በየብስም በውሃም የሚያርፍ አውሮፕላን ብቻ ነው።

ምኞቱ የልጅ ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በጎረቤታችን በኩል ሲመላለሱ ኖረዋል። ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሚተልሆልዘር እ.ኤ.አ. በ1926 ማብቂያ ላይ በጎማ ፋንታ ተንሳፋፊ የተገጠመለት ዶርኒየር አውሮፕላን ይዞ ከዙሪክ ተነሳና በናይል በኩል አፍሪካን አቋርጦ ኬፕ ታውን ገባ። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎከር አውሮፕላን አምጥቶ አዲስ አበባ አርፏል፤ ያኛው ባለጎማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዞቹ ግዙፍ በራሪ ጀልባዎች ካርቱም እያረፉ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዱ ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ አንብቧል። በውሃ የሚያርፍ አውሮፕላን በዙሪያችን እያለፈ ሄዶ ጣና ላይ ሳያየው መቅረቱ ያንገበግበዋል።

ታዲያላችሁ፣ በሌሊት ጥቅል አንድ በነጻ የሚታደል ሌክ ቡካኒር አወረደ። እውነተኛው ሌክ አሜሪካ ውስጥ በሜይን ግዛት ሳንፎርድ የተሠራ፣ ሆዱ እንደ ጀልባ የሆነ፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ሞተር ከጀርባው በላይ በምሰሶ ላይ የተሸከመ አነስተኛ አውሮፕላን ነው። የኮምፒውተሩን ቅጂ የሠራው ሰው ደመወዝ ሳያገኝበት፣ ከእንቅልፉ ሰርቆ የሠራው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን እኔ እጅግ አከብራቸዋለሁ። በነጻ የተሰጠ ሥራ ግን ሲበላሽ የሚጠገነው በተቀባዩ ነው።

መበላሸቱም ወዲያው ጀመረ። አውሮፕላኑ ዝርዝሩ ውስጥ አልታይም አለ፤ ዚፑ ሲፈታ ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ተደብቆ ኖሯል። እሱ ተስተካከለ። ቀጥሎ ከመሣሪያ ሰሌዳው ግማሹ ጠቆረ፤ የጎደለ የጌጅ ፋይል ነበር፣ ከሌላ ቦታ ተገኘ። እነዚህን ልጁ ብቻውን ተወጣቸው። ሦስተኛው ግን ከበደው፦ አውሮፕላኑ ቦሌ አስፋልት ላይ እንደልቡ ይሮጣል፣ ይነሳል፤ ጣና ላይ ሲቀመጥ ግን እስከ መስኮቱ ይሰጥማል።

ይኼኔ ነው ሁለት ፎቅ ወረድ ብለው የሚኖሩት ጋሼ የመጡት። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩ።

"ይኼ ጨዋታ ነው?"

"አይደለም ጋሼ፣ ሲሙሌተር ነው።"

"እሺ። ታዲያ የጥገና መጽሐፉ የታለ?"

ልጁ የአውሮፕላኑን ፎልደር ከፍቶ አንዱን ፋይል በኖትፓድ አሳያቸው። የጥገና መጽሐፉ ያ ነው። ክብደቱ፣ የክንፉ ስፋት፣ የሞተሩ ጉልበት፣ ሁሉም በተራ ጽሑፍ ተዘርዝሯል። ጋሼ ወንበር ሳቡ። "መጀመሪያ ኮፒውን አስቀምጥ" አሉ። "ሁለተኛ፣ ደብተር አምጣ። በአንድ ጊዜ የምንነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነካነውን እንጽፋለን።"

አሁን ቀረብ በሉና እዩልኝ። ፋይሉ ውስጥ አውሮፕላኑ ከምድርም ሆነ ከውሃ ጋር የሚገናኝባቸው ነጥቦች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር አላቸው። የመስመሩ የመጀመሪያ ቁጥር የነጥቡን ዓይነት ይናገራል፦ 1 ከሆነ ጎማ ነው፣ 2 ከሆነ ሲነካ የሚፋቅ አካል፣ 4 ከሆነ ተንሳፋፊ፣ 5 ከሆነ የውሃ መሪ። ቀጥለው የሚመጡት ሦስት ቁጥሮች ነጥቡ የት እንዳለ ነው የሚናገሩት፤ ወደፊት ወይስ ወደኋላ፣ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች፣ ሁሉም በጫማ ልክ። አምስተኛው በስንት ፍጥነት ቢላተም ተሰበረ እንደሚባል ይወስናል። ሲሙሌተሩ የአውሮፕላኑን ሥዕል አያውቅም። እሱ የሚያውቀው እነዚህን ነጥቦች ብቻ ነው። ዓይናችን የሚያየው ሆድ ውሃ ቢነካ እንኳ ነጥቡ ካልነካ ለእሱ ምንም አልተነካም።

ጋሼ የአውሮፕላኑን የጎን ንድፍ አስወጡና በማስመሪያ ለኩ። ዓይነት 4 የሆኑት የሆዱ ነጥቦች ቁመታቸው -1.10 ተጽፏል። ንድፉ ላይ የሆዱ ታች ከ-2 አልፎ ይወርዳል። ማለትም ውሃው አውሮፕላኑን መሸከም የሚጀምረው ከአንድ ጫማ በላይ ከሰጠመ በኋላ ነው። ልጁ ቁጥሩን ለወጠ፣ አስቀመጠ፣ ሌላ አውሮፕላን መርጦ ተመልሶ መጣ፤ እንዲያ ካልተደረገ አዲሱ ቁጥር አይነበብምና። አውሮፕላኑ ብቅ አለ! ከክንፉ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ተንሳፋፊዎች ውሃውን ዳሰስ አድርገው፣ እንደ ታንኳ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው የውሃ ማረፍ ግን ተገለበጠ። ፋይሉ ምንም አልነበረበትም፤ ልጁ ከቦሌ ተነስቶ ጎማውን ሳይሰበስብ ነው ጣና ላይ የወረደው። የእውነተኞቹ አብራሪዎች ትልቁ ጠላት ይህ ነው። የተዘረጋ ጎማ ውሃ ሲነካ አፍንጫውን ይዞ ይደፋዋል። ስለዚህ ከማረፋቸው በፊት ድምፃቸውን አውጥተው "የማርፈው ውሃ ላይ ነው፣ ጎማው ተሰብስቧል" ይላሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁም ይላል፤ እናቱ ከጓዳ ሆነው ሲሰሙት ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ። አርፏል፣ ተንሳፍፏል፤ መነሳት ግን የለም። ጋዙን እስከ መጨረሻው ይሰጠዋል፣ ውሃውን እየገፋ አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ደሴቶቹ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ አይነሳም። ልጁ ተናደደና ፋይሉን ከፈተ። "ጋሼ፣ ሞተሩን ከ200 ወደ 260 ላድርገው?"

ጋሼ እጁን ያዙት። "ሞተሩን እንዳትነካ! አውሮፕላኑ ደህና ቢሆንስ? ዝቅ ያለ ውሃ ፈልግና መጀመሪያ እዚያ ሞክረው።"

በእኔ አስተያየት የዚህ ትረካ እምብርት ይህቺ ንግግር ናት። ልጁ ቱርካናን መረጠ፤ ኦሞ ወንዝ የሚገባበትን ሰሜናዊውን ጫፍ። ከባሕር ወለል በላይ 360 ሜትር ገደማ ነው። ነዳጁ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ነፋስ የለም፣ አየሩም ሲሙሌተሩ መደበኛ ብሎ የሚሰጠው። ጋዙን ሰጠው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሰቀለ፣ የራሱ ማዕበል የሠራውን ጉብታ ተሻገረ፣ በውሃው ላይ ተንሸራተተ፣ ተነሳ!

ጋሼ ደብተሩ ላይ ጻፉት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው 84 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው 200 ፈረስ ሞተር እዚያ ሲደርስ ወደ 35 የሚሆነውን ጉልበት ያጣል። ክንፉም በስስ አየር ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም 9 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሄድ አለበት። አስፋልት ላይ ቢሆን ይህ ረዘም ያለ ሩጫ ማለት ብቻ ነው፤ የልደታ አብራሪዎች በየቀኑ የከፈሉት ዋጋ። ውሃ ግን እንደ አስፋልት አይደለም፤ ይይዛል። አውሮፕላን ከውሃ ሲነሳ መጀመሪያ የራሱን ማዕበል ወጥቶ መሻገር አለበት፤ ያቺ ጉብታ ላይ ጉልበት ያነሰው እዚያው ይቀራል። የቅጂው ሠሪ በሰጠው መመሪያ ላይ የነበሩት የመነሻ ምሳሌዎች ሁሉ የባሕር ዳርቻ ነበሩ። የእኛን ሐይቆች አላሰባቸውም፤ እንዲያስብ የነገረውም አልነበረም።

ጋሼና ልጁ እንደገና ጣና ተመለሱ። አሁን ፋይሉ አልተከፈተም። ነዳጁን ወደ ግማሽ ቀነሱ። የነዳጅና የአየሩን መጠን የሚያመጣጥነውን ሚክስቸር ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ሞተሩ ከፍተኛ ዙር የሚሰጥበትን ቦታ በጆሮና በጌጅ ፈለጉ፤ በስስ አየር ሙሉ ነዳጅ መስጠት ሞተሩን ያንቀዋልና። ፍላፕ አወረዱ። ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። የቀረው የእጅ ነገር ነበር። የሌክ ሞተር ከላይ ስለሆነ ጋዝ ሲሰጥ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫናል። ልጁ ይህን ለመቃወም ዱላውን እስከ መጨረሻው ስቦ እንደያዘ ይቀር ነበር፤ ሆዱ ውሃ እየጎተተ የቀረውም በዚህ ነው። ጋሼ ትከሻውን ነካ አድርገው "አሁን ልቀቅለት... በትንሹ... ያዝ!" አሉት። አፍንጫው ዝቅ አለ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ከኋላው ያለው ነጭ አረፋ ጠበበ። ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን፣ ዘጌን በግራው ጥሎ ተነሳ።

የውሃ መሪው ብቻ ገና አልታዘዘም፤ አውሮፕላኑ በዝግታ ሲሄድ ወደ ነፋሱ እየዞረ ያስቸግራል። ዓይነት 5 የሆነችው መስመር ላይ እየሠሩ ናቸው። የተስተካከሉትን የተንሳፋፊ ቁጥሮች ግን ልጁ ለሠሪው ልኮለታል። ከሥሩ ጋሼ ያስጻፉትን ጨምሮበታል፦ የጣናን ከፍታ፣ የጫኑትን ነዳጅ፣ ሚክስቸሩ የቆመበትን ቦታ፣ ነፋሱን፤ ደግሞም ሞተሩን እንዳልነኩት።