ሐኪሙ ተማሪና የታሪክ መምህሩ

የማኅበራችንን ዐሥረኛ ዓመት ስናከብር፣ ወጣቶቻችን በየዩኒቨርስቲው ለማስተርስና ለዶክትሬት ስለ አገራቸው ቋንቋ፣ ባህልና የውጭ ግንኙነት የሚያደርጉትን ጥናት በደስታ እንመለከታለን። ሥራው ግን በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። እኛ ወደ አሜሪካ ከመምጣታችን ከብዙ ዓመታት በፊት ጥናትን ለኢትዮጵያ ጋሻ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ። ከነዚህ መካከል ሁለቱን ለአንባብያን ማስተዋወቅ እወዳለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር መላኩ በያን በ1900 ተወልደው በራስ ተፈሪ መኰንን ቤት አደጉ። በ1922 ወደ አሜሪካ መጥተው በኦሃዮ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያም ለሕክምና ትምህርት ዋሽንግተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርስቲ፣ ወደ ሃዋርድ ገቡ። በዚያን ጊዜ «ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አይቆጥሩም» የሚል ወሬ በሰፊው ይነዛ ነበር። መላኩ ግን ዶሮቲ ሃድሌይ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አግብተው ወሬውን በኑሮአቸው አስተባበሉ።

በዚሁ ዩኒቨርስቲ ከ1922 ጀምሮ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ የሚያስተምሩ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ የሚባሉ የሚሲሲፒ ተወላጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው የዱ ቦይስን መጽሐፍ አንብበው፣ እዚያ ውስጥ የተጠቀሱትን የአፍሪካ መንግሥታት ለማጥናት ሲሉ ሀርቫርድ ገቡ። ስለ ኩሽ፣ ስለ ሜሮዌና ስለ አክሱም ሲያስተምሩ ግን ከነጮቹ ቀርቶ ከገዛ ባልደረቦቻቸውም መካከል «ማስረጃ የሌለው ነገር ያስተምራል» ብለው የከሰሷቸው ነበሩ። በ1932 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ከሀርቫርድ ቢያገኙም ዶክትሬቱን ሳያገኙ ቀሩ። ምክንያቱ የሚገርም ነው፤ በዚህ ትምህርት እሳቸውን ለመምራት የሚበቃ ሰው በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች እንደሌለ የሀርቫርዱ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኧርነስት ሁተን ራሳቸው በጽሑፍ መስክረዋል። ከመምህሩ በላይ ያወቀ ተማሪ ዲግሪ ሳይሰጠው ቀረ ማለት ነው።

የሕክምናው ተማሪና የታሪኩ መምህር ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን ዋሽንግተን ላይ አቋቋሙ። ዓላማው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ሕዝብ ትክክለኛውን ዕውቀት ማሰባሰብና ማሰራጨት ነበር። ያ ዓመት ሳያልቅ የወልወል ግጭት ተነሣ። በመስከረም 1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች፣ ባሪያ የምትፈነግል፣ ከመንግሥታት ማኅበር አባልነት ጋር የማትገጥም አገር ናት የሚል ረጅም የክስ መዝገብ ለዚሁ ማኅበር አቀረበች። እንግዲህ «ኢትዮጵያ መንግሥት ናት ወይስ አይደለችም?» የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በነሐሴ 1935 ባወጣው የገለልተኝነት ሕግ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ኢጣልያ ጠመንጃውንም አውሮፕላኑንም ራሷ ስለምትሠራ ሕጉ የጎዳው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጠመንጃ በተከለከለበት አገር ለኢትዮጵያ ወዳጆች የቀራቸው መሣሪያ ቃል ነበር፤ ጉባኤውም ስለ አገሪቱ ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር።

መላኩ በ1935 በሕክምና ተመርቀው ወደ አገራቸው ተመለሱና በጦርነቱ አገለገሉ። ጦራችን ከተሸነፈ በኋላ በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኒው ዮርክ መጡ። በ1937 «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 25 ቀንም የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በኋላ የሻሸመኔ መሬት የተሰጠው ለዚሁ ፌዴሬሽን አባላት መሆኑን ብዙዎቻችን የምናውቅ አይመስለኝም። የተሰበሰበው ገንዘብ የታሰበውን ያህል አልነበረም። በእነዚያ የችግር ዓመታት ሥራ ካጣ ሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ማስረዳት አያስፈልግም። በእኔ አስተያየት ከገንዘቡ ይልቅ ትልቁ ሥራ ጋዜጣው ነው፤ የዓለም መንግሥታት አንድ በአንድ የኢጣልያን ወረራ ሲያጸድቁ፣ ኢትዮጵያ አልሞተችም እያለ በሃርለም መንገድ ይሸጥ ነበርና።

መላኩ በግንቦት 1940 በአርባ ዓመታቸው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ሃንስቤሪ እስከ 1959 ሃዋርድ አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናምዲ አዚኪዌ የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሕይወታቸው ሙሉ ያጠኑትን የኢትዮጵያን ምድር በዓይናቸው ያዩት ግን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ሲጠጋ፣ በፉልብራይት ዕርዳታ ነው። በ1964 በአፍሪካ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ በዓመቱም አረፉ። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉት ማስታወሻ ተሰብስቦ በመጽሐፍ የወጣው በ1974፣ ሽልማቱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ነው። ያሳተመውም ያው ያስተማሩበት ዩኒቨርስቲ ነው።