ሰባት ጓደኛሞች፣ አንድ ደብተር ያዥ

ጓደኛሞች ተሰብስበው የዲዛይን ቤት ሊከፍቱ ሲሉ መጀመሪያ የሚነጋገሩት ስለ ስሙ ነው። ቀጥሎ ስለ ሎጎው። ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ምን ቀለም ይቀባ ይባላል። የሒሳብ መዝገቡን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ፣ ከተነሣም፣ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ያነሣውም ሰው እንደ ደረቅ ይታያል። "እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን!" ይባልና ይታለፋል።

በከተማችን እንዲህ ተከፍተው፣ ዓመት ሁለት ዓመት ሠርተው የተዘጉ ቤቶችን ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኞቹ ተሰጥኦ አንሷቸው አልተዘጉም። ሥራቸው ያምር ነበር፤ ደንበኛም ነበራቸው። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው። ስለ ተሰጥኦ ብዙ ተብሏልና ዛሬ ስለ ደብተሩ እናውጋ። ምሳሌያችን ከሩቅ ነው፤ ከለንደን፣ ከዛሬ 160 ዓመት በፊት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አንድ ፓውንድ

በኤፕሪል 1861 ሰባት ሰዎች "ሞሪስ፣ ማርሻል፣ ፎክነር እና ኩባንያው" የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። ዊልያም ሞሪስ ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበር። ኤድዋርድ በርን ጆንስ፣ ዳንቴ ጋብርኤል ሮሴቲ እና ፎርድ ማዶክስ ብራውን ሠዓሊዎች ናቸው። ፊሊፕ ዌብ አርክቴክት፣ ፒተር ፖል ማርሻል የቅየሳ ባለሙያ፣ ቻርልስ ፎክነር ደግሞ ከኦክስፎርድ የመጣ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ በዘመኑ ፋብሪካዎች የሚያመርቱት የቤት ዕቃ አስቀያሚ ስለሆነ እኛ የሚያምረውን እንሥራ። የቤት ዕቃ፣ ጥልፍ፣ የግድግዳ ሥዕል፣ ሴራሚክ፣ የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስታወት፤ ሁሉንም። (ባለቀለም መስታወት ምን እንደሚመስል ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ አፍሪካ አዳራሽ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ሥራ ማየት ይበቃል።)

ካፒታሉስ? እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጡ። ከሞሪስ እናት ደግሞ 100 ፓውንድ ተበደሩ። በሚቀጥለው ዓመት 19 ፓውንድ ጨመሩበት፤ የአንዱ ድርሻ 20 ፓውንድ ሆነ። በቃ! በእናት ብድር ሥራ መጀመር የእኛ ዘመን ፈሊጥ የሚመስለው ካለ ይኸው ማስረጃው።

ቤቱ ሬድ ላየን ስኩዌር በሚባል ሰፈር ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ መስታወትና ሴራሚክ የሚተኩሱበት ትንሽ ምድጃ ተከሉ፤ ፎቁ ላይ ቢሮና ማሳያ ክፍል አደረጉ። ችግረኛ ልጆችን ከሚያሳድግ አንድ ተቋም ወንዶች ልጆች አምጥተው ሙያ አስተማሯቸው። የፎክነር እህቶች ኬትና ሉሲ ሴራሚኩን ይሥሉ ነበር። የሞሪስ ሚስት ጄንና እህቷ ይጠልፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ቤተ ዘመዱ ሁሉ ገብቶበታል።

ስብሰባቸው ግን! ፎክነር ለጓደኛ በጻፈው ደብዳቤ እንደተረከው፣ ከምሽቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰቡና በቀልድ ይጀምራሉ። ቀልዱ ሲያልቅ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ጥበብ ይበልጣል ወይስ የ15ኛው በሚል ይከራከራሉ። ወደ አራት ሰዓት ግድም የሥራ ነገር ይነሣል፤ ከዚያ በጩኸት እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ስብሰባ እንዲህ ከሆነ ማን ይቀርበታል? ችግሩ የነጋ ዕለት የሚመጣው ነው፤ ማን ምን እንዲሠራ፣ በስንት ዋጋ፣ ለመቼ?

ሜዳሊያውና መዳቡ

በ1862 ለንደን ውስጥ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሥራቸውን አቀረቡ። ሁለት ሜዳሊያ ተሸለሙ። መስታወታቸው ከመጥራቱ የተነሣ ተቀናቃኞቻቸው "ይህማ የጥንት መስታወት ታድሶ ነው እንጂ አዲስ ሥራ አይደለም" ብለው ከሰሷቸው። ለአንድ ጀማሪ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ከሩቅ ሲታይ የስኬት ታሪክ ነው። ከቅርብ ስናየው ግን ቤቱን ያቆመው ሽያጩ ብቻ አልነበረም። ሞሪስ ከአባቱ የወረሰው የመዳብ ማዕድን አክሲዮን ነበረው። በወጣትነቱ በዓመት 900 ፓውንድ ያህል ያስገባለት ነበር። ሥራ ሲበላሽ መድገም፣ ዋጋ ሳያሰሉ መቀበል፣ ሙከራ አልሳካ ሲል ሌላ መሞከር የተቻለው ከጀርባ መዳቡ ስለነበረ ነው። የግድግዳ ወረቀቱን እንኳ በመጀመሪያ ሞሪስ ራሱ በዚንክ ሰሌዳ ሊያትመው ሞክሮ አልሆነለትም። በኋላ ንድፉ በእንጨት እየተቀረጸ፣ ሕትመቱ ለሌላ ድርጅት ተሰጠ። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ነው።

ታዲያ በ1860ዎቹ የመዳቡ ገቢ እያሽቆለቆለ መጣ። በ1864 መዝገብ ይይዝ የነበረው ፎክነር ወደ ኦክስፎርድ ማስተማሩ ተመለሰ። ገንዘቡም ደብተር ያዡም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

"እምቢ" የሚል ሰው

በ1865 ድርጅቱ ኩዊን ስኩዌር ወደሚባል ሰፈር ተዛወረ። ሞሪስ ይወደው የነበረውን ቤቱን ሸጦ ከሱቁ በላይ መኖር ጀመረ። በዚያው ዓመት ዋሪንግተን ቴይለር የሚባል ሰው ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተቀጠረ። ቴይለር ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በኋላ ደህይቶ፣ ቲያትር ቤት በር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የነበረ ሰው ነው። ሠዓሊ አይደለም፤ ንድፍ አያወጣም። ሥራው መጠየቅ ነበር።

ደብዳቤዎቹ ዛሬም ይነበባሉ፤ አንዳንዱ ስድብ ቀረሽ ነው። ሞሪስ ስድስት ሥራ ባንዴ ይጀምራል፤ የግማሹ ንድፍ ገና አላለቀም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሥራው ይቆማል፤ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ይላል። ሥራ ከመቀበላችን በፊት ወጪው ይሰላ ይላል። የሞሪስን የወይንና የመጽሐፍ ወጪ ሳይቀር ቀንስ ይለዋል፤ አለቃውን! በሳንባ ሕመም ለንደንን ለቆ ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለች ሄስቲንግስ ከተማ ከሄደ በኋላ እንኳ ከዚያ ሆኖ በደብዳቤ ይቆጣ ነበር።

ቤቱ ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። በ1866 ከሴንት ጄምስ ቤተ መንግሥት ሁለት ክፍሎችን የማስዋብ ሥራ መጣ። ዛሬ ቪክቶሪያ እና አልበርት የሚባለው ሙዚየም የመመገቢያ አዳራሽም እንዲሁ፤ እሱ ክፍል አሁንም አለ፣ እንግዶችም ይቀመጡበታል። ቴይለር በ1870 አረፈ። ቦታውን የተካው ጆርጅ ዋርድል ለ20 ዓመት ያህል ደብተሩን ያዘ።

አንድ ነገር ግን ቴይለርም አላዳነውም፤ የመጀመሪያውን ቀን ውል። በውሉ መሠረት ሰባቱም እኩል ባለድርሻ ናቸው፤ ቀን ከሌሊት የሠራውም፣ አልፎ አልፎ ንድፍ የላከውም። ሞሪስ ድርጅቱን ብቻውን ልያዝ ሲል ይህ ሰነድ ወጣ። በርን ጆንስ፣ ዌብ እና ፎክነር ምንም አንፈልግም አሉ። ሮሴቲ፣ ብራውን እና ማርሻል ድርሻችንን አሉ። በ1875 ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተከፍሎ ሽርክናው ፈረሰ። 20 ፓውንድ አዋጥቶ 1,000 መውሰድ በሞሪስ ዓይን ክህደት ነበር፤ በሕግ ዓይን ግን መብት ነው። ብራውንና ሞሪስ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተኳርፈው ኖሩ።

እኛ ይህን ታሪክ የወደድነው ማንም ክፉ ሰው ስለሌለበት ነው። ሰባቱም ይዋደዱ ነበር። ያጣላቸው ሲዋደዱ ያልጻፉት ነገር ነው። ቴይለር ዛሬ ከአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች አንዱ ቢገባ የሚጠይቀው አይጠፋንም። ለዚህ ሥራ ቀብድ ተቀብላችኋል? "ትንሽ አስተካክሉት" እየተባለ ስድስት ጊዜ የተለወጠው ሎጎ ስንት ቀን በላ? ከናንተ አንዱ ነገ ውጭ አገር ቢሄድ ድርሻው ምን ይሆናል? የአባት መዳብ የሌለን ሰዎች ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ለነገ የምናሳድርበት አቅም የለንም።

የሞሪስ ንድፎች ዛሬም በግድግዳ ወረቀትና በጨርቅ ላይ ይሸጣሉ። የቴይለርን ስም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከጓደኞቻችሁ መካከል ያንን ደረቅ ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሰው ካለ አትቆጡት፤ ወንበር ስጡት።