ማሳ

በ1965 ዓ.ም. ሶማሌ ተራ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ለልምምድ የገባሁ ቀን አለቃዬ «ማሳውን ጥረግ» አሉኝ። ከገጠር ከመጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም፤ ማሳ ለእኔ ጤፍ የሚዘራበት ነው። መጥረጊያ ይዤ ወደ ግቢው ስወጣ የተሳቀብኝ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ለካ የባትሪው ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ዝገቱንና ቀለሙን ፋቀው ማለታቸው ነበር።

ቃሉ የጣሊያን ነው። ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ካፒኮርዳ፣ ሁሉም የጣሊያን ነው። ወራሪው ጦር በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ትሬንታ ኳትሮ የምንለውን ፊያት 634 ይዞ ገባ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ተሸንፎ ሲወጣ ግን መኪናው ቀረ፣ ከመካኒኮቹም የቀሩ ነበሩ። አለቃዬ ሙያውን የተማሩት ከእነሱ ነው። ሆኖም በጣሊያንኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቋንቋውን የሚያውቁት በዕቃ በዕቃው ነው።

ማሳ በኋላ ዋጋ ያስከፈለኝ በዊንች ነው። በዚያ ዘመን ግን ዊንች እንደ እኔ ያለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ አልነበረም። የላንድሮቨሩም የዶጁም ዊንች ጉልበቱን የሚያገኘው ከራሱ ከመኪናው ሞተር ነው። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይጎትታል። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ሆን ተብሎ ለስለስ ተደርጎ የተሠራ ፒን ይቆረጥና ሹፌሩ እየተሳደበ ወርዶ ሌላ ይተካል። እኛ ከላንድሮቨር ጋር የነበረን ጣጣ ሌላ ነው፦ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር። ይህን ሳላውቅ ባትሪ ገልብጬ አስሬ የደንበኛ ሬዲዮ አቃጥያለሁ። አለቃዬ ከደመወዜ ቆረጡ፤ ደግ አደረጉ።

ወፍራም ገመድ ያስተማረን ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ሞተሪኖ በ1912 እ.ኤ.አ. በካዲላክ ላይ ከተገጠመ ወዲህ በእጅ የሚዞረው ማኖቬላ እየቀረ ሄደ፤ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄድ አውራ ጣት የሚያህል ገመድም የግድ ሆነ። ሞተሪኖ ግን ጥቂት ሴኮንድ ጠጥቶ ይተዋል። የኤሌክትሪክ ዊንች ሲመጣ (ዋርን ዛሬም ድረስ ስሙ የሚጠራውን 8000 ፓውንድ፣ ማለትም 3600 ኪሎ ገደማ የሚጎትተውን 8274 ያወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው) እኛ በሞተሪኖው ልክ ገመድ እየቆረጥን ገጠምን። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ዊንቹ ጭነት ሲበዛበት ከ12 ቮልት ባትሪ 400 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሚስበውም ለሴኮንዶች ሳይሆን ለደቂቃ ነው።

እስቲ እናስላው። 35 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይሁን። ዊንቹ ከፊት መከላከያው ላይ ከሆነ ሄዶ መመለሻው ሦስት ሜትር ነው፤ ከግማሽ ቮልት ብዙም የማይበልጥ ይጠፋል፣ ይቻላል። ከኋላ አልጋው ላይ ከሆነ ግን ሄዶ መመለሻው አሥር ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ቮልት ይጠፋል። ሁለት ቮልት በ400 አምፔር 800 ዋት ነው። ገመዱን ምድጃ አደረግነው ማለት ነው! በ70 ካሬ ገመድ ጥፋቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ24 ቮልት ዊንች ደግሞ ለዚያው ጉልበት የሚያስፈልገው አምፔር ግማሽ፣ ሙቀቱም ሩብ ነው። የጭነት መኪና ባለቤት 24 ቮልት መኪና ይዞ፣ ርካሽ ስላገኘ 12 ቮልት ዊንች ገዝቶ «ከአንዱ ባትሪ ሳብልኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። አንዱ ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ይሞታሉ።

እኔ ግን የተቃጠልኩት በሂሳብ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ለአንድ የጭነት መኪና ከአልጋው ግንባር ዊንች ገጠምኩ። ፖዘቲቩን 70 ካሬ የብየዳ ማሽን ገመድ አደረግሁት፤ ሽቦው ቀጭንና ብዙ ስለሆነ ንዝረት አይሰብረውም። በሻንሲው ጎን ውስጥ ለውስጥ፣ ከማርሚታና ከካርዳን ርቆ፣ ቀዳዳ በሚያልፍበት ጎማ ለብሶ አሳለፍኩት። ካፒኮርዳውን፣ ማለትም የገመዱን ጫፍ መያዣ፣ በሊድ ብየዳ ሳይሆን በፕሬስ ጨመቅሁት፤ የሊድ ብየዳው በ183 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣላ። ኔጋቲቩን ግን፣ መዳብ ለመቆጠብ ብዬ፣ አልጋው ላይ በቦሎን አሰርኩት። ማሳ አይደል? ከሚሌ ከተማ ወዲህ አንድ ፒክአፕ ከአሸዋ ሲጎትቱ የኋላው መብራት ጨሰ። አልጋውና ሻንሲው መካከል የተነጠፈውን ጣውላ ረስቼ ኖሯል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በፍሬን መብራቷ ቀጭን ሽቦ ለመመለስ ሞከረ። ሽቦዋ ቀልጣ አጠገቧ ያሉትን ሁሉ ይዛ ነደደች። ሹፌሩ አሸዋ በትኖ ባያጠፋው መኪናው አይተርፍም ነበር። ኪሳራውን ከፈልኩ፤ ሽቦውን እንደገና ስዘረጋም አራት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ኔጋቲቩን እንደ ፖዘቲቩ በዚያው ውፍረት ቀጥታ ከባትሪ እስከ ዊንቹ እስባለሁ። ከባትሪውም አጠገብ ማቋረጫ ማብሪያ አደርጋለሁ፣ ሻንሲውም አብሮ ይታሰራል። ዊንች ልታስገጥሙ ሄዳችሁ ሠራተኛው አንድ ገመድ ብቻ ለክቶ ሲቆርጥ ካያችሁ «ሁለተኛውስ?» በሉት። «ማሳ አለ» ካላችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።